ስለ ስፖርት ውርርድ፤ የስፖርት ማኅበራት ስለ ምን ተቃወሙት? እኛስ ስለ ምን እንቃወመዋለን?

በዚህ ዘመን ለንስሐ አባቶች ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። «በኳስ ጨዋታ ላይ ገንዘብ አስይዤ እወራረዳለሁ። ሕግ ፈቅዶታል፤ ግብር ይከፈልበታል፤ የስፖርቱ አለቆችም ራሳቸው የአወራራጆቹን ስም በሜዳቸው ዙሪያ ያሳያሉ። እኔ የማንንም ኪስ አልዳበስሁም፤ ያስያዝሁትም የራሴን ገንዘብ ነው። ታዲያ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?» ይህን የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ቅን ልብ ያለው ወጣት እንጂ ለክርክር የመጣ ሰው አይደለም። ስለዚህ «ቁማር ክልክል ነው» ብሎ በአንድ ቃል ማሰናበት ለጠያቂው አይበቃውም፤ ለመላሹም አይገባውም።

ለዚህ ጥያቄ ከቅዱሳት መጻሕፍት ሌላ ከስፖርቱ ዓለም ከራሱ የሚገኝ ምስክርነት አለ። የአሜሪካ ታላላቅ የስፖርት ማኅበራት፥ ሊግ እየተባሉ የሚጠሩት የቤዝ ቦል፥ የአሜሪካ እግር ኳስ፥ የቅርጫት ኳስና የበረዶ ሆኪ ማኅበራት፥ በጨዋታቸው ላይ የሚደረገውን ውርርድ፥ ይልቁንም በኢንተርኔት የሚደረገውን፥ ለብዙ ዘመን ሲቃወሙ ኖረዋል። በምክር ቤት መስክረዋል፤ በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ከአወራራጆች ጋር ውል ተዋውለዋል። የተቃወሙበት ምክንያት እውነተኛ ነበር፤ የተለወጡበትም መንገድ ለእኛ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ታሪኩን እንናገራለን፤ ቀጥለን ለነፍስ የሚጠቅመውን ከውስጡ እናወጣለን። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

1ኛ፤ የጨዋታ ክብር በምን ላይ ቆሟል?

ስፖርት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ (1ኛ ቆሮ. 9፥24–27) በሩጫ ስፍራ የሚሽቀዳደሙትን ምሳሌ አድርጎ የክርስቲያንን ተጋድሎ አስተምሯል። ሯጭ ለሚጠፋ አክሊል ብሎ ሰውነቱን እንዲህ የሚገዛ ከሆነ፥ የማይጠፋውን አክሊል የምንጠባበቅ እኛ እንዴት አብልጠን ልንተጋ ይገባናል ማለቱ ነው። ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስም (2ኛ ጢሞ. 2፥5) ታጋይ የትግሉን ሥርዓት ካልጠበቀ አክሊል እንደማያገኝ አስታውቆታል።

እንግዲህ ሐዋርያው ከጨዋታ ለትምህርት የወሰደው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ራስን መግዛት፥ ሁለተኛውም ሥርዓትን መጠበቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ የጨዋታ ክብር የቆመባቸው ምሰሶዎች ናቸው። ሰው ከሥራው ደክሞ ሲመለስ ተቀምጦ ጨዋታ የሚመለከተው፥ በሜዳ ያሉት ሁሉ ለማሸነፍ በእውነት እንደሚደክሙ፥ ፍጻሜውንም አስቀድሞ የሚያውቅ ማንም እንደሌለ ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት ከፈረሰ የሚቀረው ኳስና ሣር ብቻ ይሆናል። ሐሰተኛ ምስክር በቃሉ ዳኛን እንደሚያታልል፥ ጨዋታውን አስቀድሞ የሸጠ ተጫዋችም በእጁና በእግሩ ሕዝብን ያታልላል። ስለዚህ በስፖርት ላይ የሚመጣ የማታለል ነገር ሁሉ «ጨዋታ ነው» ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ እውነትን የሚነካ ነውና።

2ኛ፤ ማኅበራቱ በምን ተምረው ተቃወሙ?

በ1919 ዓ.ም. በቤዝ ቦል የፍጻሜ ውድድር የቺካጎ ዋይት ሶክስ ቡድን በሲንሲናቲ ሬድስ ቡድን ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ስምንት የቺካጎ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ጋር ተማክረው ሆነ ብለው ሊሸነፉ ተስማምተዋል ተብለው ተከሰሱ። በ1921 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። የማኅበሩ የበላይ ሹም የነበሩት ዳኛው ኬኔሶ ማውንቴን ላንዲስ ግን በማግሥቱ ስምንቱንም ለዘለቄታው ከጨዋታ አገዷቸው። ፍርድ ቤት በደሉ እስኪረጋገጥ ድረስ ይጠብቃል፤ የሕዝብ እምነት ግን በጥርጣሬ ብቻ ሊፈርስ እንደሚችል ሹሙ ተረድተው ነበር።

በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክና በሌሎችም ስፍራዎች የሚማሩ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው የነጥቡን ልዩነት ሲያሳንሱ ተገኙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ውርርዱ «ማን ያሸንፋል?» በሚለው ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ «በስንት ነጥብ ያሸንፋል?» በሚለውም ይደረጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ቡድኑን ሳያስሸንፍ፥ ማሸነፊያውን በማሳነስ ብቻ፥ የቁማርተኛውን ገንዘብ ሊበላ ይችላል። ኅሊናውንም «ቡድኔ አሸንፏል፤ ማንን በደልሁ?» ብሎ ያስተኛዋል። ጠላት ሰውን ወደ ታላቁ ኃጢአት የሚወስደው እንዲህ ያለ ትንሽ ደረጃ ሠርቶ ነው።

በ1963 ዓ.ም. የአሜሪካ እግር ኳስ ማኅበር የበላይ ሹም ፒት ሮዜል ሁለት ስመ ጥር ተጫዋቾችን፥ ፖል ሆርኑንግንና አሌክስ ካራስን፥ ስለ ተወራረዱ አግደዋቸዋል፤ በ1964 ዓ.ም. ተመልሰዋል። በ1989 ዓ.ም. በቤዝ ቦል ታላቅ ስም የነበረው ፒት ሮዝ በውርርድ ምክንያት ታገደ፤ በ2024 ዓ.ም. እስኪሞትም ድረስ እገዳው አልተነሣለትም። ማኅበሩ በሞት የተለዩትን ከእገዳ መዝገብ ያወጣው በ2025 ዓ.ም. ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የቅርጫት ኳስ ዳኛ የነበረው ቲም ዶናጊ ራሱ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ መወራረዱንና ምስጢር ለቁማርተኞች ማቀበሉን በፍርድ ቤት አመነ፤ በ2008 ዓ.ም. የ15 ወር እስራት ተፈረደበት። ተጫዋች ሲሸጥ አንድ ሰው ሸጠ፤ ዳኛ ሲሸጥ ግን ሚዛኑ ራሱ ተሸጠ። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ መሆኑንም ከመጽሐፈ ምሳሌ (11፥1) እናውቃለን።

3ኛ፤ ውርርድ ወደ ኢንተርኔት ሲመጣ ፍርሃታቸው ስለ ምን በዛ?

የአሜሪካ መንግሥት በ1961 ዓ.ም. አወራራጆች በስልክና በቴሌግራም መስመር ከግዛት ወደ ግዛት ውርርድ እንዳያስተላልፉ ሕግ አወጣ። በ1991 ዓ.ም. የአሜሪካ እግር ኳስ ማኅበር ሹም ፖል ታግሊያቡና የቅርጫት ኳስ ማኅበር ሹም ዴቪድ ስተርን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቀርበው ውርርድ እንዳይስፋፋ መሰከሩ። በ1992 ዓ.ም. ግዛቶች የስፖርት ውርርድን እንዳይፈቅዱ የሚከለክል ሕግ ጸደቀ፤ ቀድሞ ፈቅደው ከነበሩት ከኔቫዳና ከጥቂት ሌሎች ግዛቶች በቀር። ሕጉን በግንባር ቀደምትነት ያራመዱት ሴናተር ቢል ብራድሊ ራሳቸው ቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሕግን ተላልፈው በኢንተርኔት የሚያቋምሩ ድርጅቶች በባንክና በክፍያ ካርድ ገንዘብ እንዳይቀበሉ የሚያግድ ሕግ ወጣ፤ ማኅበራቱም ይህን ሕግ ደገፉ።

ኢንተርኔትን ይበልጥ የፈሩበት ምክንያት በአራት ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛው ቅርበት ነው። ቀድሞ ቁማርተኛ ለመሆን ወደ ቁማር ቤት መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ በመንገድ ላይ ጎረቤት ያያል፥ ኅሊናም ለመናገር ጊዜ ያገኛል። ዛሬ ግን የቁማር ቤቱ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ ሰውየውን እስከ መኝታው ይከተለዋል።

ሁለተኛው ፍጥነትና ጥቃቅንነት ነው። ጨዋታው እየተካሄደ በእያንዳንዱ ውርወራ፥ በእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ ላይ መወራረድ ተችሏል። ሙሉውን ጨዋታ ለመሸጥ ብዙ ተጫዋቾችን ማባበል ያስፈልጋል፤ አንዲት ውርወራ ለመሸጥ ግን የአንድ ሰው ፈቃድ ይበቃል።

ሦስተኛው ጥርጣሬ ነው። የኒው ጀርሲ ግዛት ውርርድን ሊፈቅድ በተነሣ ጊዜ ማኅበራቱ በ2012 ዓ.ም. ከሰው በፍርድ ቤት ሲከራከሩ፥ ምንም ማጭበርበር ባይደረግ እንኳ ሕዝቡ «ይህ ስሕተት የተሸጠ ይሆን?» ብሎ መጠርጠሩ ብቻ ለጨዋታው ጉዳት ነው ብለው ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2013 ዓ.ም. በስማቸው ላይ የሚመጣው ይህ ጉዳት ለመክሰስ የሚያበቃ መሆኑን ተቀበለ።

አራተኛው የተመልካቹ ልብ ነው። ቡድኑን የሚወድ ሰው ቡድኑ ሲሸነፍ ያዝናል፤ ሲያሸንፍም ይደሰታል። የሚወራረድ ሰው ግን የሚያየው ገንዘቡን ነው። ወጣቱ ጨዋታን ከቁማር ጋር አንድ አድርጎ ቢማረው፥ ጨዋታው ራሱ ለእርሱ ምንም እንደማይሆን ማኅበራቱ ተናግረው ነበር።

ከነዚህ ከአራቱ አንዱንም ሐሰት ነው ብሎ ሊያስተባብል የሚችል ያለ አይመስለንም።

4ኛ፤ ዘበኛው በሩን የከፈተው እንዴት ነው?

በ2014 ዓ.ም. የቅርጫት ኳስ ማኅበር ሹም አዳም ሲልቨር በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጽፈው፥ ውርርድ በጨለማ መደረጉ ስላልቀረ ወደ ብርሃን ወጥቶ ሕግና ቁጥጥር ቢደረግበት ይሻላል አሉ። ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም፤ በድብቅ የሚሠራ ክፉ ነገር ከተመልካች ዓይን ይሰወራልና። ዳሩ ግን ቀጥሎ የሆነውን እንመልከት። በ2018 ዓ.ም. በጥር ወር ይኸው ማኅበር ለኒው ዮርክ ሕግ አውጪዎች ባቀረበው ሐሳብ፥ ከሚወራረደው ገንዘብ ሁሉ 1 በመቶ ለማኅበራቱ እንዲከፈል ጠየቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት 14 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1992ቱን ሕግ ሻረው። የ1 በመቶው ጥያቄ በኒው ዮርክ ሕግ ሳይጸድቅ ቀረ፤ ጥቅሙ ግን በሌላ በር ገባ። በሐምሌ 2018 ዓ.ም. የቅርጫት ኳስ ማኅበር ከአንድ ታላቅ የቁማር ቤቶች ድርጅት ጋር ውል ተዋዋለ፤ የሆኪና የቤዝ ቦል ማኅበራት በዚያው ዓመት ተከተሉት። ከሁሉም በላይ ሲቃወም የኖረው የአሜሪካ እግር ኳስ ማኅበርም በ2021 ዓ.ም. ከሦስት አወራራጆች ጋር ተዋዋለ። ዛሬ ከሠላሳ በሚበልጡ ግዛቶች የስፖርት ውርርድ የተፈቀደ ነው።

የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ እኛ በማኅበራቱ ሹማምንት ልብ ውስጥ ያለውን አንናገርም። የነገሩን ቅደም ተከተል ግን ማየት እንችላለን። ትናንት «ውርርድ የጨዋታችንን እምነት ያፈርሳል» ያሉ ሰዎች፥ ዛሬ ውርርዱ በየጨዋታው መካከል ሲታወጅ ዝም አሉ። ጨዋታው አልተለወጠም፤ የሰው ልጅ ድካምም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የድርሻው አከፋፈል ነው።

የፈሩትም ነገር አልቀረም። በ2024 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የቶሮንቶ ራፕተርስ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ጆንቴ ፖርተር ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ተጫውቶ «አሞኛል» ብሎ ወጣ። ከውጭ ግን አንድ ሰው፥ ይህ ተጫዋች ከተገመተለት በታች ይጫወታል ብሎ 80,000 ዶላር አስይዞ፥ ቢቀናው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያገኝ ነበር። አወራራጁ ድርጅት ነገሩን ጠርጥሮ ገንዘቡን ያዘው፤ ማኅበሩም በሚያዝያ ወር ተጫዋቹን ለዕድሜ ልክ አገደው። እርሱም በፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። ነገሩ የተገለጠው በቁጥጥር መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን ያህል ሲልቨር ያሉት ተፈጽሟል። ነገር ግን ወጣቱ ወደዚህ የገባው በቁማር ዕዳ ተይዞ መሆኑ በክሱ ተገልጿል። አስቀድሞ ቁማር ባለ ዕዳ አደረገው፤ ቀጥሎ ዕዳው ሥራውን አሸጠው። ቁጥጥር ሌባውን ሊይዝ ይችላል፤ ሌባ የሚያደርገውን ፍትወት ግን አያድንም። በ2025 ዓ.ም. በኅዳር ወር ደግሞ ሁለት የቤዝ ቦል ወርዋሪዎች በአንዲት ውርወራ ላይ ከሚደረግ ውርርድ ጋር በተያያዘ ነገር ተከሰሱ፤ ማኅበሩና አወራራጆቹም በአንዲት ውርወራ ላይ የሚደረገው ውርርድ ከ200 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰኑ። በእንግሊዝም የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የአወራራጆችን ስም ከመለያቸው ደረት ላይ ለማንሣት በ2023 ዓ.ም. ተስማምተዋል። እነሆ፥ በሩን ከከፈቱ በኋላ መልሰው ጥቂት ገርበብ ለማድረግ ይሞክራሉ።

5ኛ፤ ለጠያቂው ወጣት የሚሰጥ መልስ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ወጣቱ «የስፖርቱ አለቆች ራሳቸው ፈቅደዋል» ሲል፥ መልሳችን «የፈቀዱበትን ቀን ሳይሆን የተቃወሙበትን ምክንያት መርምር» የሚል ነው። ምክንያታቸው አልተሻረም። ሕግ ሲፈቅድም ፈቃዱ ከቅጣት ያድናል እንጂ ሥራውን ጽድቅ አያደርገውም። ሐዋርያውም (1ኛ ቆሮ. 6፥12) የተፈቀደ ሁሉ የሚጠቅም እንዳይደለ፥ ለማንኛውም ነገር ባሪያ ሆኖ መገዛትም እንደማይገባ አስተምሯል።

«የማንንም ኪስ አልዳበስሁም» ለሚለውም ሒሳቡን እናሳየው። በአሜሪካ በተለመደው ሥርዓት ሁለት ሰዎች በአንድ ጨዋታ ላይ ተቃራኒ ሆነው ይወራረዳሉ። 100 ዶላር ለማትረፍ እያንዳንዳቸው 110 ዶላር ያስይዛሉ። አወራራጁ 220 ዶላር ይሰበስባል፤ ላሸነፈው 210 ዶላር ይከፍላል፤ 10 ዶላር ለራሱ ያስቀራል። እንግዲህ ያሸነፈው 100 ዶላር ያተረፈው ወንድሙ 110 ዶላር ስለ ከሰረ ነው። በመካከሉ አንዲት እህል አልበቀለችም፤ አንድ ጋቢ አልተሸመነም። ገበሬ እህሉን ለሸማኔ ቢሸጥ፥ ሸማኔም ጋቢውን ለገበሬ ቢሸጥ ሁለቱም ተጠቅመው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። በውርርድ ግን አንዱ ደስ ብሎት የሚገባው ሌላው አዝኖ ሲገባ ብቻ ነው። ኪስ አልዳበስህም፤ ነገር ግን የወንድምህ ኪስ ባዶ እንዲሆን ተመኝተሃል። ዐሥረኛው ትእዛዝ የሚከለክለው እጅን ሳይሆን ይህን ምኞት ነው። ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች (4፥28) ያስተማረው ግን ሰው በገዛ እጁ ደክሞ ከድካሙ ለተቸገረ እንዲያካፍል ነው። የድካም ገንዘብ ወንድምን ይመግባል፤ የውርርድ ገንዘብ ወንድምን አስርቦ የተገኘ ነው።

ደግሞም ውርርድ ጸሎትን ያጣምማል። የሚወራረድ ሰው ሳያውቀው የማያውቀው ሰው እንዲደናቀፍ፥ እንዲታመም፥ እንዲሳሳት ይመኛል። ስለዚህ በዚህ ዘመን ተጫዋቾች ውርርድ ከከሰሩ ሰዎች ስድብና ዛቻ ይደርስባቸዋል። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው በተወራራጁ ዓይን ቍጥር ብቻ ይሆናል። በቀራንዮ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ ከእግሩ በታች ተቀምጠው በልብሱ ዕጣ የተጣጣሉትን ወታደሮች እናስብ (ማቴ. 27፥35፤ ዮሐ. 19፥23–24)። ዓለም የሚድንበት ሥራ ከራሳቸው በላይ ሲፈጸም፥ እነርሱ ያዩት ለማን እንደሚደርስ ያልታወቀውን ቀሚስ ብቻ ነበር። ትርፍን ብቻ የሚመለከት ዓይን እንዲህ ይታወራል።

አንዳንዱ ግን «ሐዋርያትስ ማትያስን በዕጣ አልመረጡምን?» ይላል (ሐዋ. 1፥23–26)። አዎን፥ መርጠዋል። ነገር ግን ዕጣና ቁማር አንድ አይደሉም። ሐዋርያት አስቀድመው ጸለዩ፤ የራሳቸውን ፈቃድ ትተው የእግዚአብሔርን ፈቃድ ጠየቁ፤ ዕጣ ባልወጣለት በዮሴፍ ኪሳራ ያተረፈም አልነበረም። ቁማርተኛ ግን የእግዚአብሔርን ፈቃድ አይጠይቅም፤ የራሱን ትርፍ ይጠብቃል። በሐዋርያት ቀኖናም በዕጣ ጨዋታና በስካር የተጠመደ ኤጲስ ቆጶስ፥ ቄስና ዲያቆን ካልተወ ከሥልጣኑ እንዲሻር፥ አንባቢና መዘምር ምእመንም ካልተወ ከቁርባን እንዲለይ ተደንግጓል። ቀኖናው የጀመረው ከካህናቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

6ኛ፤ የእኛስ «አንድ በመቶ»?

እስከዚህ ድረስ የስፖርት ማኅበራትን ነገር ተናገርን። አሁን ግን ቃሉን ወደ ራሳችን እንመልስ፤ ከዓለም ታሪክ የሚጠቅመን ራሳችንን ያየንበት ነውና።

በዋሽንግተን ከተማ፥ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግዛቶች ብዙ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ይኖራሉ። በእነዚህ ስፍራዎች በእጅ ስልክ የሚደረገው የስፖርት ውርርድ በ2020፥ በ2021ና በ2022 ዓ.ም. በየተራ ተጀምሯል። በአገራችንም ከተሞች በእንግሊዝና በሌላው አውሮፓ እግር ኳስ ላይ የሚደረገው፥ «ቤቲንግ» እየተባለ የሚጠራው ውርርድ ብዙ ወጣቶችን ይዟል። ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ «ውርርዱ ቢሰምርልኝ ከማገኘው ይህን ያህሉን ለታቦቱ አገባለሁ» ብሎ ቢሳል፥ ቢሰምርለትም ስለቱን ይዞ ቢመጣ፥ ምን እንመልስለታለን?

ስለቱን በዝምታ ብንቀበል፥ ከሌላው ሰው ኪሳራ ድርሻችንን ወሰድን ማለት ነው። ማኅበራቱ 1 በመቶ ሲጠይቁ የታዘብን እኛ፥ የእኛን «አንድ በመቶ» በሙዳየ ምጽዋት ተቀበልን። ከዚያ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመን ቁማርን ብንነቅፍ ቃላችን ይሰንፋል፤ ወጣቱም በልቡ «ለቤተ ክርስቲያን ሲሆን ይቀደሳል» ብሎ ይማራል። በኦሪት (ዘዳ. 23፥18) በርኵሰት የተገኘ ዋጋ ለስለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ታዟል። የካህናት አለቆች እንኳ፥ ጌታን የሸጡበትን ብር ይሁዳ በመለሰ ጊዜ፥ የደም ዋጋ ነውና ወደ መባ ሣጥን ሊጨምሩት አልወደዱም (ማቴ. 27፥6)። እነርሱ በክፋታቸው ይህን ካወቁ፥ እኛ በጸጋ ያለን ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባናል! ሕንፃው ቢዘገይ ይሻላል፤ የድሀ እናት በላብዋ ያመጣችው ጥቂት ሳንቲም የሚበልጥ መሆኑን ጌታችን ስለ መበለቲቱ በተናገረው (ማር. 12፥41–44) አስተምሮናልና።

የስፖርት ማኅበራት ተቃውሞ የወደቀበት ምክንያት ይህ ነው። የጨዋታውን እምነት እንደ ንብረታቸው ጠበቁት፤ ንብረት ደግሞ ዋጋ ሲቀርብለት ይሸጣል። የቤተ ክርስቲያን ተቃውሞ ግን ንብረትን በመጠበቅ ላይ የቆመ አይደለም፤ ክርስቶስ በደሙ የገዛትን ነፍስ በመጠበቅ ላይ ነው። ለዚች ነፍስ የሚተመን ዋጋ የለም። ስለዚህ የእኛ «አይሆንም» ድርሻ ሲቀርብለት የሚለወጥ መሆን የለበትም።

7ኛ፤ ለንስሐ አባቶችና ለቤተ ሰብ

በውርርድ የተያዘ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሲመጣ በቁጣ መቀበል አይገባም፤ እፍረት ወደ ስልኩ ይመልሰዋልና። አስቀድሞ ዕዳውን ሳይደብቅ ከነቍጥሩ እንዲናገር ይደረግ፤ የተደበቀ ዕዳ «አንድ ጊዜ ቢቀናኝ እከፍለዋለሁ» የሚለውን ሐሳብ ይወልዳል፥ ይህም የጥፋቱ ሁሉ ሥር ነው። ቀጥሎ የውርርዱን መዝገብ ከስልኩ ያጥፋ፤ ደመወዙንም ለጊዜው ሚስቱ ወይም ታማኝ ዘመዱ ትያዝለት። የወሰደው የሰው ገንዘብ ካለ ቀስ በቀስ ይመልስ፤ ዘኬዎስ (ሉቃ. 19፥8) ንስሐውን ያሳየው በመመለስ ነውና። ጾምና ስግደት ሲሰጠው ጨዋታው በሚታይበት፥ ፈተናውም በሚበረታበት ሰዓት ይሁን። ሰው በዚህ ነገር እንደ በሽተኛ ሊያዝ ስለሚችል፥ ሐኪም ማማከር ቢያስፈልገው ካህኑ ራሱ ይምከረው እንጂ አይከልክለው።

ሚስቶችና እናቶችም የሰውየው ስልክ በሌሊት መብራቱን፥ ያለ ምክንያት መበሳጨቱን፥ የቤት ገንዘብ መጉደሉን ሲያዩ በሐሜት ሳይሆን በጊዜ ለንስሐ አባት ይንገሩ። ወላጆችም ለልጆቻቸው ጨዋታን በንጹሕ ልብ መውደድን ያስተምሩ። ኳስ መመልከት ኃጢአት አይደለም፤ የተጫዋቹን ብርታት አድንቆ፥ ለተሸነፈውም አዝኖ፥ ምንም ሳይከስርና ማንንም ሳያከስር ወደ ቤት መግባት ይቻላል።

እንግዲህ ወጣቱ «ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ሲጠይቀን በትዕግሥት እንዲህ እንበለው፤ ኃጢአቱ በወንድምህ ኪሳራ መደሰትህ ላይ ነው፤ ያልደከምህበትን መመኘትህ ላይ ነው፤ ሰውን ቍጥር ማድረግህ ላይ ነው፤ ነጻ የወጣችውን ነፍስህን ለባርነት መስጠትህ ላይ ነው። የጨዋታ ሹማምንት እንኳ ከዚህ ጥቂቱን አይተው መቶ ዓመት ያህል በር ጠብቀው ነበር። እኛ የምንጠብቀው በር ከእነርሱ በር ይበልጣልና በድርሻ እንዳንከፍተው፥ የደከሙትን ለማንሣት፥ የጠፉትን ለመፈለግ፥ በቃልና በሥራም አንድ ሆነን ለመቆም እንድንችል፥ የሯጮችን ሩጫ የሚያስፈጽም፥ የማይጠፋውንም አክሊል የሚያቀዳጅ አምላካችን እግዚአብሔር በቸርነቱ ይርዳን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።